«ታወራለች፣ ከእኔ ጋር ግን አታወራም»፦ ስለ ኦቲዝም ምርመራ ለጠየቁ እናት የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። ሴት ልጄ አራት ዓመት ከሦስት ወሯ ነው። ቃላት ታውቃለች፣ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ከነዜማው ትደግማለች፣ እስከ ሃምሳ ትቆጥራለች። ስሟን ስጠራት ግን አትዞርም። ‹ምን ሆንሽ?› ስላት መልሳ ‹ምን ሆንሽ?› ትለኛለች። የጠርሙስ ክዳን እየደረደረች ግማሽ ቀን ትቀመጣለች፤ በወፍጮ ቤት በኩል ስናልፍ ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች። የመዋዕለ ሕፃናት መምህሯ ‹ኦቲዝም ሊሆን ይችላል፣ አስመርምሪያት› አለችኝ። ስልክ ላይ ያገኘሁትን መጠይቅ ስሞላ 11 ነጥብ መጣ። ባለቤቴ ‹እኔም አፌን የፈታሁት በአምስት ዓመቴ ነው› ይላል፤ አማቴ ጻድቃኔ ማርያም እንውሰዳት ይላሉ። የት ነው የምትመረመረው? በራጅ ነው በደም? ደግሞ ባለቤቴን ሳየው ብዙ ነገሩ እሷን ይመስላል። አዋቂ ሰውስ ይመረመራል?»

ምላሽ፦ እኅቴ፣ ከጻፉት ብቻ ተነስቼ ልጅዎ ኦቲዝም አለባት ወይም የለባትም አልልዎትም፤ ሳያያት የሚፈርድ ባለሙያ ካጋጠመዎትም አይመኑት። ትመርመር ወይ ለሚለው ግን መልሴ አዎ ነው፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ። የጻፏቸው ምልክቶች አንድ ላይ ሲታዩ «ስታድግ ይተዋታል» ተብለው የሚታለፉ አይደሉም። መምህሯ ደፍራ ስለነገረችዎም ላመሰግናት እወዳለሁ፤ ወላጅ እንዳይቀየማቸው ፈርተው ዝም የሚሉ መምህራን ብዙ ናቸው።

መጀመሪያ የራጁንና የደሙን ነገር ላንሳ፤ የብዙ ቤተሰብ ገንዘብ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። ኦቲዝምን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ራጅም፣ ሲቲ ስካንም፣ ኤምአርአይም አያሳዩትም። ሐኪሙ ሌላ ነገር ጠርጥሮ ምርመራ ሊያዝ ይችላል። ልጅቷ ድንገት ፍዝዝ ብላ የምትቀር፣ ዓይኗ የሚሰቀል ወይም ሰውነቷ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የሚጥል በሽታ መኖሩን ለማየት የአንጎል ሞገድ ምርመራ ይታዘዝላታል፤ የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎች ልጆች ይልቅ ይበዛልና። ጠቅላላ እድገቷ የዘገየ፣ ቁመቷም የቀረ ከሆነ የእንቅርት ሆርሞን መታየት አለበት፤ አዮዲን በሚያንስበት ደጋ አገር ለሚያድግ ልጅ ይህን መጠየቅ አይከፋም። እንዲህ ያለ ምክንያት ሳይኖር ግን «ለማንኛውም ጭንቅላቷ ይነሳ» ተብሎ የሚከፈል ብር ለልጅቷ ምንም አይጨምርላትም። ያንን ገንዘብ ለመንገድና ለክትትል ያቆዩት።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ወላጅ በሚናገረው ታሪክ፣ እንዲሁም ባለሙያው ከልጅቷ ጋር ተቀምጦ በሚያየው ነው። ስለዚህ የምርመራው ግማሽ በእርስዎ እጅ ነው ያለው። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። ባለሙያው ልጅዎን የሚያገኛት ለአንድ ሰዓት፣ ምናልባትም ለግማሽ ሰዓት፣ ያውም መንገድ አድክሟት በማታውቀው ክፍል ውስጥ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ያዩዋት እርስዎ ነዎት። ተዘጋጅቶ የሄደ ወላጅ በአንድ ጉዞ የሚያገኘውን መልስ ሳይዘጋጅ የሄደው በብዙ ምልልስ ያገኘዋል፤ ከመንዝ ደብረ ብርሃን መመላለስ ምን እንደሆነ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ባለሙያዎች የሚመሩበት መስፈርት፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣውም ሆነ የዓለም ጤና ድርጅት የሚሠራበት፣ ሁለት ዓይነት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው ከሰው ጋር የመግባባት ችግር ነው፤ በንግግርም፣ በእጅና በፊት ምልክትም፣ ከእኩዮች ጋር በመጫወትም የሚታይ። ሁለተኛው የሚደጋገምና የጠበበ ባሕርይ ነው፤ መደርደር፣ የተለመደ ነገር ሲለወጥ መረበሽ፣ በአንድ ነገር ብቻ መጠመድ፣ ድምፅ ወይም የልብስ ሻካራነት ከመጠን በላይ መረበሹ። ሁለቱም መኖር አለባቸው፤ ከለጋ ዕድሜ የጀመሩና የዕለት ኑሮዋን የሚያውኩም መሆን አለባቸው። ክዳን መደርደር ብቻውን ኦቲዝም አይደለም። ዘግይቶ መናገር ብቻውንም አይደለም።

ጎረቤት «ይቺማ ታወራለች፣ ምን ኦቲዝም አላት» እንደሚልዎ እገምታለሁ። የሚታየው የቃላቱ ብዛት ሳይሆን ልጅቷ ቃላቱን ለምን እንደምትጠቀምባቸው ነው። ማስታወቂያ ከነዜማው መድገምና የተጠየቁትን መልሶ መጠየቅ የሰሙትን ማስተጋባት ነው፤ ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ንግግርን የሚጀምሩት በዚህ በኩል ነው። በአማርኛ ደግሞ ግሱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ውሃ ሲጠማት «እጠጣለሁ» በማለት ፈንታ እርስዎ በሚጠይቋት አባባል «ውሃ ትጠጫለሽ?» እያለች ወደ ጆጉ የምትሄድ ከሆነ፣ ያለችውን ቃል በቃል ጽፈው ይያዙት። ለባለሙያው ከረጅም ገለጻ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ሌላም የሚያስተውሉት አለ። አንድ ነገር ስትፈልግ እጅዎን ይዛ ወደ ዕቃው ትወስድዎ ይሆናል። ያ አንድ ነገር ነው። ሰማይ ላይ አውሮፕላን አይታ፣ ምንም ሳትፈልግ፣ እርስዎም እንዲያዩላት ብቻ ጣቷን ቀስራ ወደ ፊትዎ ዞር የምትል ከሆነ ግን ሌላ ነው። የምንፈልገው ይህን ሁለተኛውን ነው። እቃቃ ትጫወታለች? ባዶ ሲኒ ይዛ ቡና ትቀዳለች፣ አሻንጉሊቷን ታጎርሳለች? ወይስ ሲኒዎቹን በመስመር ትደረድራቸዋለች? የጎረቤት ልጆች ሲጫወቱ መሐላቸው ትገባለች፣ ዳር ሆና ታያለች ወይስ መኖራቸውን ጭራሽ አታስተውልም?

በዓይን ማየት ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። በእኛ ዘንድ ልጅ ታላቅን ትክ ብሎ እንዳያይ ተደርጎ ነው የሚያድገው፤ ከእንግዳ ሐኪም ዓይኗን መስበሯ ብቻውን ብዙ አይመዝንም። የሚመዝነው ከእርስዎ ጋር ስትስቅ፣ ስትፈራ፣ አዲስ ነገር ስታገኝ ቀና ብላ ፊትዎን ማየት አለማየቷ ነው። ሐኪሙ ካልጠየቀዎ እርስዎ ይንገሩት። ሴት መሆኗንም ልብ ይበሉ። ኦቲዝም አለባቸው ተብለው የሚለዩት ወንዶች ከሴቶች በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ከዚህ ከፊሉ የእውነት ልዩነት ነው፤ ከፊሉ ግን ዝም ያለች ሴት ልጅ «ጨዋ ናት» ተብላ ስለምትታለፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

የስልኩ መጠይቅ ያ ኤም-ቻት (M-CHAT-R) የሚባለው ባለ 20 ጥያቄ ከሆነ የተዘጋጀው ከ16 እስከ 30 ወር ለሆናቸው ሕፃናት ነው። በዚያ ዕድሜ 8 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ስጋትን ያመለክታል፤ ለአራት ዓመት ልጅ ግን ቁጥሩን እንዲህ መተርጎም አይቻልም። በዕድሜው ላይ ቢሞላም ማጣሪያ ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም። 11ን ይተዉትና ስጋት ያሳዩብዎትን ጥያቄዎች ከነምሳሌያቸው ይጻፏቸው።

ከሁሉም በፊት ጆሮዋ ይታይ። «የወፍጮ ድምፅ ካስጮኻት ትሰማለች» ይባላል፣ ይህ አይበቃም። ወፍራም ድምፅ በደንብ የምትሰማ ልጅ ቀጫጭኖቹን የንግግር ድምፆች ላትሰማ ትችላለች። ጆሮዋ እየመገለ የሚመላለስባት ልጅ ደግሞ አንዱን ቀን ሰምታ ሌላውን ቀን አትሰማም። ልጅቷ መልስ መስጠት ሳያስፈልጋት፣ ተኝታም ቢሆን የሚሠራ የመስማት ምርመራ ስላለ «አትታዘዝምና አይቻልም» የሚል መልስ አይቀበሉ። በቅርብ ካልተገኘ ሪፈር ያስጽፉ።

አሁን ወደ መንገዱ። ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆናችሁ በተለይ ተራውን መጠበቅ ይበጃችኋል፤ ከጤና ጣቢያ ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል። ሪፈር ወረቀት ሳይዙ ከዘለሉ ወጪው በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ጤና ጣቢያ ሲገቡ «ልጄ በደንብ አታወራም» ብቻ ብለው አይቁሙ፤ «ትናገራለች፣ ታገሺ» ተብለው ሊመለሱ ይችላሉ። «ስሟን ስጠራት አትዞርም፣ የተባለችውን ትደግማለች እንጂ አትመልስም፣ ከልጆች ጋር አትጫወትም፤ እድገቷና ጆሮዋ እንዲመረመር ሪፈር እፈልጋለሁ» ይበሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያ ደረጃ ያዘጋጀውና በአገራችንም ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት የአእምሮ ጤና መመሪያ ስለ ልጆች እድገት መዛባትም የሚናገር ክፍል አለው። ከሥራቸው ውጭ የሆነ ነገር እየጠየቋቸው አይደለም።

ደብረ ብርሃን ላይ የሕፃናት ሐኪሙና የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ እንዲያዩዋት ይጠይቁ። እዚያ ካልለየለት የሚቀጥለው አዲስ አበባ ነው፣ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ላይ፤ የካቲት 12 እና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የልጆች የአእምሮ ጤና አገልግሎት ይሰጣሉ። ወረፋ ስለሚኖር ሪፈሩ እጅዎ እንደገባ ቀጠሮ ያስይዙ። ስለ ጆይ ማዕከልና ስለ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ሰምተው ይሆናል። ጆይን በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው፤ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ያጡ እናት ነበሩ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. አርፈዋል። ሁለቱም በዋናነት ልጆችን የሚያስተምሩና የሚያሠለጥኑ ማዕከላት ስለሆኑ ቦታ እናገኛለን ብለው ከመንዝ በቀጥታ አይነሱ፤ መጀመሪያ ሆስፒታል።

ስለ ዝግጅቱ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ስልክዎ ላይ አጫጭር ቪዲዮ ያንሱ፣ ከሁለት ደቂቃ የማይበልጡ። ከኋላዋ ሆነው ስሟን ሲጠሯት፣ ብቻዋን ስትጫወት፣ ከልጆች ጋር ስትሆን፣ ስትበላ። ስትጮህ ብቻ አይቅረጹ፤ ስትስቅና የምትችለውን ስትሠራም ይቅረጹ፤ ሐኪሙ ጥንካሬዋንም ማየት አለበት። ቪዲዮዎቹን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ እንዳይለጥፏቸው እለምንዎታለሁ። ነገ አድጋ የምታያቸው እሷ ናት።

ከዚያ ደብተር ይያዙ። «መቼ ነው መሄድ የጀመረችው?» ሲባሉ ወሩ ካልመጣልዎ በበዓል ያስቡት። በመጀመሪያዋ ጥምቀት ትድኽ ነበር ወይስ ቆማ? በሁለተኛው ፋሲካ ስንት ቃል ነበራት? ለእንቁጣጣሽ ዘመድ ሲመጣ ትስቅላቸው ነበር? በዚህ መንገድ ብዙ እናቶች ጠፋብኝ ያሉትን ጊዜ ያገኙታል። የነበራት ቃል ወይም ጨዋታ የጠፋበት ጊዜ ካለ በትልቁ ይጻፉት፤ ከልጆቹ በከፊሉ ላይ እንዲህ ይሆናልና ሐኪሙ በጥብቅ ይፈልገዋል። አወላለዷንም ይጻፉ፤ ቤት ነው ጤና ተቋም፣ ምጡ ረዝሞ ነበር ወይ፣ እንደተወለደች አለቀሰች ወይ፣ ቢጫ ሆና ነበር ወይ፣ ማጅራት ገትር ወይም ራሷን ያሳታት ሕመም ነበር ወይ። የክትባት ካርዷን ይያዙ። በነገራችን ላይ ክትባት ኦቲዝም አያመጣም፤ ያን ወሬ የነዛው የ1998 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ በ2010 እ.ኤ.አ. ራሱ ያሳተመው የሕክምና መጽሔት ሰርዞታል። ከመምህሯም ግማሽ ገጽ ያስጽፉ፤ ሐኪሙ ቤት ውስጥ ብቻ ሳይሆን ክፍል ውስጥም እንዴት እንደምትሆን ማወቅ አለበት።

መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን፣ ከተቻለ ከዋዜማው ደብረ ብርሃን ገብተው ይደሩ። በመንገዱ ላይ ያለውን የጣርማ በር ብርድና ጠመዝማዛ በሌሊት ተነስታ የተሻገረች ልጅ ጠዋት የምታሳየው ባሕርይ ድካም ነው። የምትወደውን ምግብና ክዳኖቿን ይያዙላት። ወረፋው ከረዘመ ተራዎን አስይዘው ውጭ ግቢው ውስጥ ያቆይዋት።

አማትዎን አይጣሏቸው። ጻድቃኔ ማርያም መሄድና ሆስፒታል መሄድ አይጋጩም፤ የሚጋጩት አንዱ ሌላውን ሲያዘገይ ነው። ጠበሉ እስኪጨረስ ተብሎ ቀጠሮ አይለፍ። ስትሄዱም ግፊያ በማይበዛበት ሰዓት ይሁን። ድምፅና ንክኪ የሚያስጨንቃት ልጅ በቀዝቃዛ ውሃ ሥር ተይዛ ብትጮህ የምትጮኸው ከጭንቀቷ ነው፤ «መንፈሱ ጮኸ» ብሎ አጥብቆ መያዝ ልጅቷን ይጎዳታል። በፍጹም አትታሰር፣ አትመታ። መድኃኒት ታዝዞላት ከሆነ አይቋረጥ። ይህን ለካህኑ ቀርበው ቢነግሯቸው ይሰሙዎታል ብዬ አምናለሁ።

ባለቤትዎ «እኔም በአምስት ዓመቴ» ማለታቸው ምርመራውን የሚያስቀር ሳይሆን ባለሙያው ሊሰማው የሚገባ የቤተሰብ ታሪክ ነው። ኦቲዝም በአብዛኛው ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ ነው፤ አንድ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ባለበት ቤት ከሚወለዱ ታናናሾች ከአምስት አንዱ ገደማ ላይ ይታያል። በእርስዎ አስተዳደግ፣ በእርግዝና ጊዜ በደነገጡት ወይም በተመኙት የመጣ አይደለም። እርስዎን የሚወቅስ ሰው ካለ ባለሙያው ፊት ቀርቦ ይስማ።

አዋቂ ሰውም ይመረመራል። የአእምሮ ሐኪም ወይም የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ባለሙያ የሕይወቱን ታሪክ ከልጅነት ጀምሮ እየጠየቀ ያየዋል። ነገር ግን ይህ የባለቤትዎ የራሳቸው ውሳኔ መሆን አለበት። በሥራቸው፣ በትዳራቸው፣ በእንቅልፋቸው ወይም በጭንቀት የሚቸገሩ ከሆነ ምርመራው ይረዳቸዋል፤ ሰላም ሆነው የሚኖሩ ከሆነ ግዴታ የለባቸውም። በጠብ መሐል «አንተም አለብህ» እንዳይሏቸው አደራ። ለአዋቂ ምርመራ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው በልጅነቱ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እዚያው ቤትዎ ያሉት አማትዎ ናቸው። ልጃቸው በአራት ዓመቱ እንዴት ይጫወት እንደነበር፣ በስንት ዓመቱ እንደተናገረ፣ ምን ያስለቅሰው እንደነበር ይጠይቋቸው። ለልጅ ልጃቸው ምርመራም ይኸው ታሪክ ይጠቅማል፤ ከተቻለ አብረው ደብረ ብርሃን ይሂዱ። ምስክርነታቸው የተፈለገ አያት ከሆስፒታሉ ጋር አይጣሉም።

ቀጠሮው እስኪደርስ ደግሞ ቤት ውስጥ መጀመር ይቻላል። ይህ እርዳታ የኦቲዝም ስም እስኪሰጥ አይጠብቅም፤ ምርመራው ሌላ ነገር ሆኖ ቢገኝም አይጎዳትም። በቀን ጥቂት ጊዜ መሬት ላይ፣ ፊት ለፊቷ፣ ከዓይኗ ትይዩ ይቀመጡ። ክዳኖቹን አይንጠቋት። አንዱን ይያዙና «ቀይ ክዳን» ብለው በዝግታ ያቀብሏት፣ ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቁ። መጠበቁ ከባድ ነው፣ እናት ቶሎ መናገር ይቀናታል፤ ልጅቷ ግን ጊዜ ያስፈልጋታል። «ውሃ ትጠጫለሽ?» ብላ ስትመጣ «በትክክል ካልጠራሽ አልሰጥሽም» አይበሉ፤ በእሷ ቦታ ሆነው «ውሃ እጠጣለሁ» ይበሉና ይስጧት። ትዕዛዝ ሲሰጡ አጭር ይሁን፣ ከእጅ ምልክት ጋር። ወፍጮ ቤት ከመድረስዎ በፊት «አሁን ወፍጮ፣ ከዚያ ቤት» ብለው ያሳውቋት፣ ጆሮዋን በነጠላ ይሸፍኑላት። ቴሌቪዥንና ስልክ ኦቲዝም አያመጡም፤ ነገር ግን ከሰው ጋር የምታሳልፈውን ሰዓት ስለሚወስዱባት በጣም ይቀንሱት። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው፣ በኢትዮጵያም የተሞከረው ሥልጠና በእንዲህ ዓይነት ነገሮች ላይ የቆመ ነውና ደብረ ብርሃንም አዲስ አበባም ሲደርሱ የወላጅ ሥልጠና ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቁ።

ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም። ለከባድ ቁጣ፣ ራስን ለመጉዳት ወይም ለእንቅልፍ ችግር ሐኪም የሚያዛቸው መድኃኒቶች አሉ፤ «ሙሉ በሙሉ አድናለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካጋጠመዎ ግን ይራቁት።

ውጤቱ ኦቲዝም ሊሆን ይችላል፤ የመስማት ችግር፣ የንግግር መዘግየት ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ በላይም ሊሆን ይችላል። «ገና አልለየም፣ ከስድስት ወር በኋላ ትምጣ» ከተባሉ ያም መልስ ነው፤ እስከዚያ ምን ልሥራ ብለው ይጠይቁ። የትኛውም ቢሆን ከክፍሉ ከመውጣትዎ በፊት ያገኙት ነገር በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ያድርጉ፣ መንገድ ቢዘጋ የሚደውሉበትን የክፍሉን ስልክ ይያዙ፣ ለመዋዕለ ሕፃናቱም ደብዳቤ ያስጽፉ። የደብዳቤውን አንድ ኮፒ ለመምህሯ ይስጡ፤ ሁለተኛውን ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወስደው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያውን ያነጋግሩ፣ አንደኛ ክፍል የምትገባበት ትምህርት ቤት ከአሁኑ እንዲታሰብላት።